በአለቃ ፊት አይጮህም

ያለፈውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ያነበባችሁ ታገሱኝ፣ ረጅም አይደለም።

አንዲት የዳኛ ባለቤት አሉ። ዳኛው ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ መሐንዲስ ነው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ አላገባም። ይህ ልጅ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ የወደብ ከተማ ሥራ በማግኘቱ እናትና ልጅ ቤታቸውን ዘግተው ሊሄዱ ነው። በዚያ ከተማ የዳኛው የድሮ ወዳጅ የነበሩ ሐኪም ይኖራሉ። ሐኪሙ ያልተዳረች ሴት ልጅ አለቻቸው። ቀሪውን እናትየዋ አስበው ጨርሰውታል።

ጉዞው አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው፣ ሰው ጓዙን በሚያቀልበት ሰዓት ማለት ነው፣ እናትየዋ በቀቀን ይዘው ከች አሉ። የጎረቤት ልጅ ላባው እያስነጠሳት ተቸግራ «ለማን እንስጠው?» ሲባል እሳቸው ናቸው እጃቸውን ያወጡት። «ቤቱ ውስጥ አንድ ድምፅ ይኑር» አሉ። ግራጫ ነው፣ ጅራቱ ቀይ። ደረቱን ነፍቶ የቤቱን ሰው በአንድ ዓይኑ ተራ በተራ አየና ማንንም አልወደደም፤ ስሙም በዚያው ዕለት አለቃ ሆነ። ለድምፅ የመጣው አለቃ ግን ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ እናትየዋ ለእህታቸው ሊያሳዩት በመኪና ይዘውት ሄዱ። የሽቦ ጎጆውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ሬዲዮ አስከፈቱ፣ እንዳይሸት ብለው ሽቶ ረጩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኼ ነው። አለቃ ሲመለስ ከጎጆው ወለል ላይ ተጋድሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ንጋቱ ላይ ሲያዩት የደረቱን ላባ ነቅሎ ነቅሎ የመዳፍ ስፋት ያህል ሌጣ ቆዳ አውጥቷል። እናትየዋ አለቀሱ፤ ከዚያም ወፍ ወደምታውቅ ሴት ዘንድ ሄዱ።

ሴትየዋ፣ ሴትየዋ ስል ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ በከተማው መናፈሻ ውስጥ የወፎቹ ጠባቂ ናት። ስድሳ ምናምን ወፍ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጥረጊያ፣ ከዚያ እሷ። ከሥራ ስትወጣ ፀጉሯ ላይ አንድ ላባ አይጠፋም። የምትኖረው ጋራዥ በር ላይ የመኪና ወንበር ልብስ ከምትሰፋ አክስቷ ጋር ነው። ወደ ዳኛው ቤት ስትገባ ሳሎኑን አላየችም፣ ሥዕሎቹንም አላየችም። በሩ ላይ ቆማ አለቃን በጎን ብቻ አየችው። ወፍ ፊት ለፊት ያፈጠጠበትን ሁሉ ሊበላው የመጣ ይመስለዋል።

«እትዬ፣ መንገዱ መቼ ነው?»

«ሃያ ሁለት ቀን ቀርቶታል።»

«በየቀኑ ከመጣሁ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ይኼማ ከእንቁላል ከወጣ ስንት ዓመቱ!» አሉ እናትየዋ። «የሚያስተኛ መድኃኒት የለውም?»

«የፈራን ቢያስተኙት ፍርሃቱ አብሮት ይተኛል እንጂ አይወጣለትም። ደግሞ ሲነቃ የት እንዳለ አያውቅም። መኪናውን የሚነዳው ማን ነው?»

የሚነዳው መሐንዲሱ ነበርና ተጠራ። እንግዲህ እንዲህ ነው የተገናኙት።

*

ሁለቱ የተዋደዱት በቆመ መኪና ውስጥ ነው። ይህን ስል የማላፍረው እውነት ስለሆነ ነው።

አለቃ መጀመሪያ ትንሿን የጉዞ ጎጆ ለመደ። ከዚያ ጎጆዋ ከኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ ታሰረች፣ ሞተር ሳይነሣ፣ አምስት ደቂቃ። ጠባቂዋ ከጎኑ ተቀመጠች። መሐንዲሱ ከፊት ተቀምጦ የትም የማይሄድ መኪና መሪ ይዟል። በማግስቱ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ፣ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። በስድስተኛው ቀን እስከ ውጭው በር ሄደው ተመለሱ። ዘበኛው «ደኅና ገባችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር?» እያለ መሳቂያ አደረጋቸው።

ከጠባቂዋ ሕጎች ሁሉ የበላዩ አንድ ነው። «ምንም ቢመጣ ድምፅዎን አያንሡ» አለችው። «ቃሉ አይገባውም። የድምፁን ልክ ነው የሚሰማው። ሰው ቢገባብዎ፣ ቢሰድብዎ፣ ቢናደዱ፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ ሆነው ይናገሩ።»

መሐንዲሱም ታዛዥ ተማሪ ወጣው። በዘጠነኛው ቀን አንድ ከባድ መኪና ከጎን ዘው ብሎ ሲገባበት ፍሬን ያዘና፣ እሹሩሩ በሚመስል ድምፅ፣ «አንተ ደንቆሮ፣ መንጃ ፈቃድህን በስልክ ነው የሰጡህ? ዓይንህ ይጥፋ፣ እሺ የኔ ጌታ?» አለ። ጠባቂዋ የጎጆውን መሸፈኛ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ጨርቁን የሰፋችው አክስቷ ናት፤ ሦስቱን ጎን ይሸፍናል፣ አንዱን ለዓይን ይተዋል። ሳቋን ለመመለስ ብዙ ታገለች፤ ግን ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ቀና ስትል በስፖኪዮው ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። መስታወቱን ያዞረው ወፉን ለማየት እንደሆነ ተናግሮ ነበር። መሐንዲስ ነውና ማዕዘን ያውቃል፤ እዚያ ላይ ምን እንደሚታይ አንባቢም ይገምታል።

ከጎጆው ጋር የታሰረ አንድ የተማሪ ደብተርም ነበር። ቀን፣ ደቂቃ፣ ምን በላ፣ ምን አስፈራው። ቀን ጠባቂዋ ትጽፋለች፣ እሷ ከሄደች በኋላ መሐንዲሱ።

«ዐሥረኛ ቀን። ሃያ ደቂቃ። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ላባውን ሰበሰበ፤ ቶሎ ለቀቀው። ፖም በላ።»

በሥሩ፦ «ማምሻውን ብርቱካን ሰጠሁት፣ ጣለው። ካንቺ እጅ ግን ይበላል። አልፈርድበትም።»

በማግስቱ በእሷ ጽሕፈት፦ «ሲሰጡት እጅዎ ይቸኩላል።»

በሥሩ፦ «እጄን ገሥጬዋለሁ። ሌላ የሚቸኩል ነገር ካለኝ ንገሪኝ።»

ለዚህ መልስ አልጻፈችም። ገጹን ግን፣ አክስቷ እንደነገረችኝ፣ በቃሏ ይዛው ነበር።

እናትየዋ ይህን ሁሉ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ያያሉ። ደብተሩንም አንብበዋል። መጋረጃውን መልሰው ዘጉት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

*

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን አለቃ ድምፅ አወጣ። ጠባቂዋ ልትሄድ በሩን ስትከፍት በአጭሩ አፏጨ። ቆመች፤ ዝም አለ። ስትራመድ እንደገና አፏጨ። መሐንዲሱ እልል ሊል ምንም አልቀረውም፣ ሕጉ ያዘው እንጂ። እናትየዋም አጨበጨቡ። ጠባቂዋ ብቻ ፊቷ ተለዋወጠ። መሐንዲሱ ጎጆውን ይዞ ወደ ጓዳ ሲገባ እናትየዋን ለብቻ ያዘቻቸው።

«እትዬ፣ ይኼ ነገር ጥሩ አይደለም። እኔን ለምዷል። ሁለት ቀን ሙሉ መኪና ውስጥ ሲፈልገኝ ይውልና ሲያጣኝ ላባውን መንቀል ይጀምራል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከነገ ጀምሮ አላናግረውም፣ አላየውም። ማብላቱን ለእናንተ እተዋለሁ። ከዚያ ሦስት ቀን አልመጣም፣ ያለእኔ ይልመድ። ቅዳሜ ግን የከተማው መውጫ ግርግር ስላለበት እስከ መጀመሪያው ማረፊያ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። እስከ ረቡዕ ፈቃድ አለኝ።» ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየች። «ለልጅዎ ይንገሩልኝ። ዝም ስል ሌላ ነገር እንዳይመስላቸው።»

ራሷ ለምን አልነገረችውም? ብትነግረው መሰነባበት ይሆንባታል። መሰነባበቱን ፈራችው።

«እነግረዋለሁ» አሉ እናትየዋ።

አልነገሩትም። ክፉ ሴት አይደሉም። ነገሩ በራሱ ጊዜ እየተበታተነ ከሆነ እኔ ምን ቤት ነኝ ነው ያሉት ለራሳቸው።

በዚያው ምሽት መሐንዲሱ በር ድረስ ሲሸኛት ጎጆው በእጁ ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት እንወጣለን» አላት፣ ለስለስ አድርጎ፣ ልክ እንዳስተማረችው። «ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል።» ሊላት ያሰበው ሌላ ነበር፤ በዚያ ድምፅ ግን ሌላው አልወጣም።

በማግስቱ ጠባቂዋ ከኋላ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ስታይ ዋለች። ሁለት ጊዜ ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቃት፣ ሁለት ጊዜ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ከዚያ ቀረች። መሐንዲሱ ፊቷን በነሳችው ዕለት ማምሻውን ደብተሩን ከፍቶ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፈ። ሦስት ቀን በሩን ጠበቀ። ሦስት ቀን ሙሉ የመጣው ዘበኛው ብቻ ነበር።

እሷስ? አክስቷ ጉልበቷ ላይ የታክሲ ወንበር ልብስ ዘርግታ ክር ስታስገባ አጠገቧ ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች።

«ምን አለሽ?» አለች አክስቷ።

«ቅዳሜ እንሄዳለን አለኝ።»

«እንዴት አድርጎ አለሽ?»

«ረጋ ብሎ። ምንም እንዳልመሰለው።»

«ረጋ በል ያልሽው ራስሽ አይደለሽ እንዴ?»

«እሱማ ለወፉ ነው እንጂ፣ ለእኔ?»

አክስቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ልጅት፣ ሂጂና ንገሪው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እህልም አይገባበት።»

«የዳኛ ልጅ ነው አክስቴ። እኔ የወፍ ኩስ እጠርጋለሁ።»

«እና እነሱ ወፍ ሲያሳድጉ ኩስ የለውም መሰላቸው?»

ጠባቂዋ አልሳቀችም። ፊቷን አዞረች። እዚያች ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ የስፌት መኪናው ብቻ ነው የጮኸው።

*

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። እናትየዋ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ሽቶ የለም፣ ሬዲዮ የለም። ጎጆው ከኋላ በቀበቶ ታስሯል። እግሩን እንዳያንሸራትተው ወለሉ ላይ ፎጣ ተነጥፏል፣ መቆሚያ እንጨቱ ዝቅ ብሏል፣ የውሃው ዕቃ እንዳይደፋ ወጥቶ በምትኩ የፖም ቁራጭ ገብቷል። አለቃ ከሐሙስ ጀምሮ ከመሐንዲሱ እጅ ይበላል። የጠባቂዋ ዘዴ ሠርቷል ማለት ነው፣ ማንም ግን ደስ ያለው አይመስልም።

እሷ እንደ ቃሏ መጥታ ከጎጆው ጎን ገባች። ወፉን አላየችም፣ ሰውየውንም አላየችም። እሱም ስፖኪዮውን ወደ መንገዱ መልሶታል።

እስከ አደባባዩ ደኅና ሄዱ። ከዚያ የከባድ መኪኖቹ መስመር ጀመረ፤ ክላክስ፣ ጭስ፣ ከጭነት ላይ የሚጮህ ውሻ። አለቃ ላባውን ሰብስቦ ቀጠነ። እግሩን እያቀያየረ መቆሚያውን ጨመደደ። ከዚያ አንገቱን ሰበረና መንቆሩን ወደ ደረቱ ወሰደ፣ ገና የላባ ቡቃያ ወደወጣበት ቆዳ።

«አንድ ሰው ይናገር» አለች ጠባቂዋ፣ ትንፋሽ በሚያህል ድምፅ። «እኔ አይደለሁም፣ እናንተ። አብራችሁት የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። ቶሎ።»

«ምን ልበል?» አለ መሐንዲሱ።

«የፈለጉትን። ብቻ ረጋ ይበሉ፣ ደግሞ እንዳያቋርጡ።»

መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ።

«እሺ አለቃ» አለ፣ ሕፃን በሚያስተኛ ድምፅ። «አንድ ነገር ላጫውትህ። አንዲት ሴት ነበረች። ከኋላዬ ተቀምጣ ዝቅ ብሎ መናገር አስተማረችኝ። እኔ ሞኙ በየቀኑ ነገ መቼ ይነጋል እል ነበር። አንድ ቀን ተነሥታ ፊቷን ነሳችኝ። ምን አጠፋሁ ብዬ ጻፍኩላት፣ እሷ ግን ቀረች።»

«ምን ጻፉልኝ?» አለች ጠባቂዋ።

«አንቺ አልናገርም ብለሻል፣ የኔ እመቤት። ደብተሩ አጠገብሽ ነው።»

ድምፁ ማር ነበር። አለቃ መንቆሩን ከደረቱ ላይ አነሣ። ጠባቂዋ ደብተሩን ፈታችና ገጹን አገኘችው።

«ጥፋቴን ባውቀው አርመው ነበር። ድልድይ እንኳ ሲሰነጠቅ ከየት እንደጀመረው ይታያል፤ ያንቺን ግን ፈልጌ አጣሁት። የወደብ ከተማው ሥራ ደስ ብሎኝ የተቀበልኩት ነበር፤ አሁን ካርታውን ሳይ ርቀቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ቅዳሜ እንሄዳለን። ብትመጪም ባትመጪም አልቀየምሽም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ። ሳትሰናበቺኝ ከቀረሽ እስክሞት እቀየምሻለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። መኪናው በሁለት ከባድ መኪኖች መሃል እየሾለከ ነበር።

«ልጄ» አሉ እናትየዋ በለስላሳ ድምፅ፣ ምክንያቱም ሌላ ድምፅ አይፈቀድም። «አብደሃል። ዝም በል።»

«ዝም አይባልም እማዬ። ሰምተሻል። አለቃ፣ ምን ላይ ነበርን? አዎ። እናቴ የሐኪሙን ልጅ እንዳገባ ትፈልጋለች። ጥሩ ልጅ ትሆን ይሆናል። እኔ ግን ላባ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ከምትመጣው ሌላ ሰው ማየት አቅቶኛል።»

«እኔ ዝም ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው» አለች ጠባቂዋ። እሷም ድምፅዋን እንደ ክር አቅጥናው ነበር። «እኔን ለምዶ መንገድ ላይ እንዳይጎዳ። ቅዳሜ እሄዳለሁ ያሉኝ ጊዜም በጣም ነው የከፋኝ። ምክንያቱን ግን ነግሬያለሁ። ለእትዬ ነግሬያለሁ።»

መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። መሐንዲሱ ወደ እናቱ ዞረ፣ ወዲያው ወደ መንገዱ ተመለሰ። አለቃ ግን ዝምታውን ሰምቶ እንደገና ቀጠነ፣ እንደገና መንቆሩን ወደ ደረቱ ወሰደ።

«ዝም አይባልም» አለች ጠባቂዋ። «እትዬ፣ እባክዎ። እርስዎ ይናገሩ።»

የዳኛው ባለቤት ቤታቸውን ሠላሳ አምስት ዓመት የገዙት በድምፃቸው ነው። ሲቆጡ ዘበኛው ከውጭው በር ይነሣል፤ ዳኛው ራሳቸው፣ ፍርድ ቤት ሙሉ ሰው ጸጥ የሚያሰኙት፣ በዚህ ድምፅ ፊት ጋዜጣ ይዘረጉ ነበር። አሁን ያ ድምፅ ተወስዶባቸዋል። ለስለስ ብለው ሊቆጡ ሞከሩ፣ ቁጣው አልመጣም። የቀራቸው እውነቱ ብቻ ሆነ።

«ነግራኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «ይንገሩልኝ ብላኛለች፣ እሺ ብያታለሁ፣ አልነገርኩህም። አውቄ ነው።»

«ለምን?»

«በመስታወት ስታያት አየሁህ። አባትህ እኔን እንደዚያ ያየኝ ነበር፣ ድሮ። አሁን እንደዚያ የሚያየኝ ሰው የለም።» አፋቸውን በመሐረብ ጠረግ አደረጉ። «ከሐኪሙ ልጅ ጋር ብትጋባ ቤቴ ሙሉ ይሆናል አልኩ። ይችን ካገባህ ግን አንተ ትሞላለህ፣ እኔ ባዶ እቀራለሁ መሰለኝ። ይኼው ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

«እማዬ፣ በጣም ተናድጄብሻለሁ» አለ መሐንዲሱ እሹሩሩ በሚመስል ድምፅ።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ በዚያው ድምፅ።

«እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።»

«አውቃለሁ የኔ ጌታ። መንገዱን እይ።»

እዚህ ላይ አለቃ አፉን ከፍቶ አንድ የፍቅር ቃል ይወረውራል ብላችሁ የምትጠብቁ አላችሁ። አይወረውርም። የፖም ቁራጩን በእግሩ አነሥቶ በላ። ከዚያ ላባውን ለቀቀ፣ አንድ እግሩን ወደ ሆዱ ሰበሰበ፣ መንቆሩንም ቀስ እያለ ያፋጭ ጀመር። ወፍ ይህን ድምፅ የሚያሰማው ምንም ሳይፈራ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ጠባቂዋ ሃያ ሁለት ቀን የጠበቀችው ድምፅ ነበር። የከተማውን መውጫ አለፉ።

*

ማረፊያው ነዳጅ ማደያ ነው፤ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ሁለት ነዳጅ መቅጃ፣ አንድ ነዳጅ ቀጂ። መኪናው ከጥላው ሥር ቆመ። የጠባቂዋ ሥራ እዚህ አለቀ።

«በየሁለት ሰዓቱ ይቁሙ» አለች ለእናትየዋ። «መስኮት ዝግ ቢሆንም ጎጆው መኪና ውስጥ አይከፈት። ፀሐዩ በቀኝ ሲመጣ ጨርቁን በቀኝ ያውርዱት። ደኅና ግቡ እትዬ።» ወርዳ በሩን በሁለት እጇ፣ ቀጭ እንኳ ሳይል፣ ዘጋችው።

መሐንዲሱም ወረደ። ፊት ለፊት ቆሙ።

«አሁንማ ጮክ ማለት እንችላለን» አለ በሹክሹክታ።

«እንችላለን» አለች በሹክሹክታ።

አልቻሉም። ከዚያ ጠባቂዋ ድንገት ዞራ መሄድ ጀመረች፤ ነዳጅ መቅጃውን አልፋ፣ ዛፉን አልፋ፣ ከመኪናው ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቀች። ተከተላት። እዚያ ስትደርስ ዞረችና ጮኸች። ጮኸች ስል፣ ነዳጅ ቀጂው የያዘውን ጨርቅ ጥሏል።

«ምን አጠፋሁ ትለኛለህ? ምንም አላጠፋህም! ሦስት ቀን ስድሳ ወፍ አበላሁ፣ አንዱንም አላየሁት! ረጋ ብለህ ቅዳሜ እሄዳለሁ ስትለኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ሂድ እንዴት ልበልህ? አልልም! ወድጄሃለሁ፤ ይኸው፣ ሰማህ?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ስትለው ነው የኖረችው። ሁለቱም ልብ አላሉትም።

«ሰማሁ» አለ። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። «ሰማሁ! እኔም እወድሻለሁ! ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፣ መቅረት አልችልም፣ ግን ያለ መልስ አልሄድም። ታገቢኛለሽ?»

«የወፍ ኩስ የምትጠርግ ሚስት ይዘህ እነ ሐኪሙ ቤት እንዴት ትገባለህ?»

«እጅሽን ትታጠቢያለሽ፣ እንገባለን!»

በሃያ ሁለት ቀን ውስጥ ጮክ ብላ ስትስቅ ሲሰማት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። እጇን ያዘ፤ እጇ ፖም ፖም ይሸት ነበር። «እናትህስ?» አለች። አብረው ወደ መኪናው ዞሩ።

የፊተኛው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሩ ባዶ ነው። እናትየዋ ወደ ኋላ ሄደው ከጎጆው ጎን ተቀምጠዋል፣ ቀበቶ አስረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ ይዘው። ሁለቱ ቀርበው ሲቆሙ ቀና ብለው አላዩአቸውም፤ ዓይናቸው ወፉ ላይ ነበር፣ በጎን።

«ከፊት ጉልበቴ ይታጠፋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልተመቸኝም።»

ጠባቂዋ ባዶውን የፊት ወንበር አየች።

«እስከ ረቡዕ ፈቃድ አለኝ ብለሽ አልነበር?» አሉ ደግሞ።

«አለኝ እትዬ።»

«እንግዲያው ቤቱን አይተሽ በአውቶቡስ ትመለሻለሽ። የመስኮቶቹን ስፋት የሚለካልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እሱ ድልድይ እንጂ መጋረጃ አይገባውም።» ከዚያ መሐረባቸውን አወጡ። «ግቡ በሉ፣ ፀሐዩ ሳይከር።»

መሐንዲሱ ዞሮ ወደ መሪው ሄደ። ጠባቂዋ በተከፈተው የፊተኛ በር አጠገብ ቆማ ቀረች። የሌላውን ፍርሃት ማንበብ እንጀራዋ ነው፤ የራሷ ሲመጣ ግን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ማንም ቶሎ በይ አላላትም። እናትየዋ የጎጆውን ጨርቅ ሲያስተካክሉ ቆዩ፣ እሱም ሞተሩን ሳያስነሣ ጠበቀ። ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ገባች። ደስታው እንዲህ ከባድ ይሆናል ብሎ የነገራት ሰው አልነበረምና፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንዴት እንደሚያዝ ሳታውቅ ይዛው ተቀመጠች።